ሁለት እግር፣ ሁለት ዛፍ

አበው "ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም" ይላሉ። ይህን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ እየሰማነው ስላደግን፣ ሰው ምክር ሲጠይቀን መጀመሪያ አፋችን ላይ የሚመጣው እሱ ነው። ባለፈው ሰሞንም የሆነው ይኸው ነው።

አንዲት ጓደኛችን የሕፃናት ልብስ ትሸጣለች። ጠባብ ሱቅ አላት፤ ሁለት ሰው ቀጥራ ታሠራለች። ጎን ለጎን ደግሞ የልብሶቹን ፎቶ ቴሌግራም ላይ እየለጠፈች ትሸጣለች። አከራይዋ ኪራይ ሊጨምርባት ነው። ማኪያቶዋን እያማሰለች "እስቲ እናንተ ምከሩኝ። ሱቁን ልዝጋና ሙሉ በሙሉ ኦንላይን ልሁን? ወይስ ቻናሉን ትቼ ሱቄ ላይ ላተኩር?" አለችን።

ጠረጴዛው ለሁለት ተከፈለ። ግማሾቻችን "ዘመኑ የኦንላይን ነው፤ ለአራት ግድግዳ ይሄን ሁሉ ብር መክፈል ምን የሚሉት ነው?" አልን። የቀረነው ደግሞ "ሰው ዳስሶ ካላየ አይገዛም፤ ለዚያውም የልጅ ልብስ!" ብለን ተሟገትን። በአንድ ነገር ግን ሁላችንም ተስማምተን ነበር። መምረጥ አለባት። ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣማ!

ወደየቤታችን ከገባን በኋላ ነገሩ ከነከነን። እኛ በማኪያቶ ላይ የወረወርነው ምክር የእሷ ጥሪትና የሁለት ሠራተኞቿ እንጀራ ነው። ብናሳስታትስ? ስለዚህ እንደ ልማዳችን ታሪክ ማገላበጥ ጀመርን። ጥያቄዋ አዲስ አይደለም። ከእሷ በፊት ብዙዎች ጠይቀውታል፤ መልሱን ፍለጋም በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ተከስክሷል። ያገኘነውን እነሆ። (የውጭውን ታሪክ ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምንጠቅሰው።)

አንድ ስም፣ ሁለት ሞት

እ.ኤ.አ. በ1971 ሉዊስና ቶም ቦርደርስ የተባሉ ወንድማማቾች በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ አን አርበር በምትባል የዩኒቨርሲቲ ከተማ መጽሐፍ መሸጥ ጀመሩ። ሉዊስ የሒሳብ ሰው ነው። የትኛው መጽሐፍ በየትኛው መደብር ምን ያህል እንደሚሸጥ የሚከታተል የኮምፒውተር ሥርዓት ሠራ። ቦርደርስ የተባለው መደብር በዚህ ሥርዓት እየታገዘ ተስፋፋ። በ1992 ኬማርት የሚባለው ትልቅ የችርቻሮ ድርጅት ጠቀለለው። ከዚያ ወዲያ ስሙና ሰውየው ተለያዩ። ስሙ መደብሮቹ በር ላይ ቀረ፤ ሰውየው ሌላ ሕልም ይዞ ወደ ኢንተርኔት ዞረ።

የሕልሙ ስም ዌብቫን ነው። በ1996 ተመሠረተ፤ በ1999 አጋማሽ ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ሥራ ጀመረ። የሚሸጠው አስቤዛ ነው። ወተት፣ እንቁላል፣ ቲማቲም፣ ሥጋ። የዌብቫን ሰዎች "ሱቅ የሚባለው ነገር ጊዜው አልፎበታል" ብለው ያምኑ ነበር። ደንበኛው ከቤቱ ሆኖ በኢንተርኔት ያዝዛል፤ ዕቃው ራሱ በመረጠው የ30 ደቂቃ ጊዜ ውስጥ በሩ ላይ ይደርሳል። ሱቅ የለም፣ ሰልፍ የለም፣ ካሸር የለም።

ሱቅ ከሌለ ዕቃው ከየት ይነሣል? ከመጋዘን። መጋዘን ሲባል ታዲያ መርካቶ የምናውቀው ዓይነት አይምሰላችሁ። ኦክላንድ ከተማ ያለው የመጀመሪያው መጋዘናቸው ስፋቱ 330 ሺህ ስኩዌር ፊት ነበር፤ አራት የእግር ኳስ ሜዳ ያህል ማለት ነው። ዕቃው በማሽን እየተንሸራተተ ወደ ሠራተኛው ይመጣል እንጂ ሠራተኛው ወደ ዕቃው አይሄድም። የሚያስደንቅ ሥራ ነበር። በጣም ስላስደነቃቸውም የመጀመሪያው መጋዘን ሥራ በጀመረ በሳምንታት ውስጥ፣ ቤክቴል ከተባለው የግንባታ ድርጅት ጋር 26 መጋዘን ለመሥራት የ1 ቢሊዮን ዶላር ውል ተፈራረሙ። በኅዳር 1999 አክሲዮናቸውን ለሕዝብ ሸጠው 375 ሚሊዮን ዶላር ሰበሰቡ። በዚያ ቀን ማምሻ ገበያው ለዌብቫን የሰጠው ዋጋ ወደ 8 ቢሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር።

አሁን ሒሳቡን እንየው። አስቤዛ ትርፉ ቀጭን የሆነ ንግድ ነው፤ ከመቶ ብር ሽያጭ ጥቂት ብር ቢተርፍ ነው። መጋዘኑ ግን ቢሞላም ባይሞላም ወጪው ያው ነው። መብራቱ ይበራል፣ ማሽኑ ይዞራል፣ መኪናው ነዳጅ ይጠጣል። ስለዚህ በየቀኑ በሺዎች የሚቆጠር ትእዛዝ ካልመጣ በስተቀር እያንዳንዱ ዘንቢል በኪሳራ ነው የሚወጣው። ትእዛዙ ደግሞ በዝግታ ነበር የሚመጣው። የሰው ልማድ በአክሲዮን ገበያ ፍጥነት አይለወጥም። ዌብቫን የመጀመሪያው መጋዘን እስኪሞላ ሳይጠብቅ ሌላ ከተማ፣ ከዚያም ሌላ ከተማ ገባ። በሐምሌ 2001 በሩን ዘጋ። ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተበልቶ አልቋል፤ 2 ሺህ ያህል ሠራተኞች ወደ ቤታቸው ሄዱ።

"አያችሁ! ኦንላይን ብቻውን አያዋጣም ብለን ነበር" ያሉት የሱቅ ወገኖቻችን እዚህ ላይ ሳያጨበጭቡ ትንሽ ይታገሡን። የስሙን ዕጣ አላየንም።

ዌብቫን ከመዘጋቱ ሦስት ወር አስቀድሞ፣ በሚያዝያ 2001፣ የቦርደርስ መጻሕፍት መደብር አንድ ውሳኔ አሳወቀ። የራሱ የኢንተርኔት መሸጫ ነበረው፤ ግን ያከስረው ነበር። የመደብሩ ኃላፊዎች "እኛ የሱቅ ሰዎች ነን፤ ኢንተርኔቱን ለሚያውቅበት እንስጥ" አሉና የድረ ገጻቸውን ሥራ አስረከቡ። ለማን? ለአማዞን! ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ቦርደርስ ብሎ ኢንተርኔት ላይ የገባ ሰው የሚገዛው ከአማዞን ሆነ። ደንበኛው ምን እንደሚያነብ፣ መቼ እንደሚገዛ፣ ምን ፈልጎ እንዳጣ የሚያውቀውም አማዞን ነው። ቦርደርስ ድረ ገጹን መልሶ በእጁ ያደረገው በ2008 ነው። ያኔ አማዞን ኪንድል የተባለውን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ገበያ ላይ ካዋለ ወራት ተቆጥረው ነበር። ዕዳም ነበረበት፤ ሲዲ እየሸጠ ያገኘው የነበረው ገቢም እየደረቀ ሄዷል። በየካቲት 2011 መክሰሩን አሳወቀ። በዚያው ዓመት የቀሩት 400 ገደማ መደብሮች ተዘጉ፤ ከ10 ሺህ በላይ ሠራተኞች ተበተኑ።

እንግዲህ ልብ በሉ። በዚያ ዓመት የጸደይ ወራት ሁለቱም የቦርደርስ ልጆች ተመሳሳይ ጥያቄ ቀርቦላቸው ነበር፤ ሱቅ ወይስ ኢንተርኔት? አንዱ "ኢንተርኔት ብቻ" አለ፤ በወራት ውስጥ ሞተ። ሌላው "ሱቅ ብቻ" አለ፤ አሥር ዓመት ፈጅቶበት ሞተ። መልሶቻቸው ተቃራኒ ናቸው። ጥያቄው ግን አንድ ነበር። ታዲያ የተሳሳተው መልሱ ነው ወይስ ጥያቄው?

ጋሪ የሚገፋው ሠራተኛ

ወደ እንግሊዝ እንሻገር። ቴስኮ የአገሩ ትልቅ የአስቤዛ ነጋዴ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ እሱም በኮምፒውተር ትእዛዝ መቀበል ጀመረ። የሞከረው ምዕራብ ለንደን፣ ኦስተርሊ በሚገኝ አንድ ሱቅ ነበር። ዘዴውን ስትሰሙ ትስቁ ይሆናል። ደንበኛው በኢንተርኔት ያዝዛል፤ ከዚያ የሱቁ ሠራተኛ ጋሪ እየገፋ ከሌሎች ገዢዎች መካከል እየተሹለከለከ ከመደርደሪያው ዕቃውን ይሰበስባል፣ መኪና ላይ ይጭናል፣ ይላካል። አለቀ። ማሽን የለም፣ የሚንሸራተት ነገር የለም። ለማድረሻ 5 ፓውንድ ደንበኛውን ያስከፍላል። ዌብቫን በበኩሉ ከ50 ዶላር በላይ ላዘዘ ሰው በነፃ አደርሳለሁ እያለ ነበር የጀመረው።

በጊዜው የነበሩ አዋቂዎች የቴስኮን ዘዴ ኋላ ቀር ነው ብለውት ነበር። እንዴት የ21ኛው ክፍለ ዘመን ንግድ በጋሪ ይገፋል? ነገር ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ሱቁ ድሮም ተሠርቷል። ዕቃው ድሮም ተደርድሯል። በቀን አሥር ትእዛዝ ብቻ ቢመጣ ቴስኮ የሚያጣው ነገር ትንሽ ነው፤ መቶ ቢመጣ ጥቂት ሠራተኛ ይጨምራል። ኢንተርኔቱ ከሱቁ ጡት እየጠባ አደገ ብንል ያምርብናል።

ዌብቫን በተዘጋበት በ2001 አጋማሽ ቴስኮ ባሕር ተሻግሮ፣ አሜሪካ ውስጥ ግሮሰሪወርክስ ከሚባል የኢንተርኔት አስቤዛ ድርጅት 35 በመቶ ድርሻ ገዛ። ዌብቫን እየከሰረ በነበረበት አገር፣ ቴስኮ ስለ ጋሪው ሊያስተምር ገባ ማለት ነው።

የታሪኩ ጣፋጭ ክፍል ገና ነው። ትእዛዙ እየበዛ ሲሄድ ጋሪ የሚገፉት ሠራተኞች ሱቁን ማጨናነቅ ጀመሩ። መደርደሪያው ቶሎ ይራቆታል፤ መተላለፊያው ይዘጋል። ያኔ ቴስኮ ምን አደረገ? በ2006 ለንደን ውስጥ፣ ክሮይደን በተባለ ሰፈር፣ ገዢ የማይገባበት፣ ለኢንተርኔት ትእዛዝ ብቻ የሚሆን "ሱቅ" ከፈተ። ይህ እኮ የዌብቫን ሐሳብ ነው! ልዩነቱ ዌብቫን ገዢ ሳይኖረው የገነባውን ቴስኮ ገዢው ከሞላ በኋላ መገንባቱ ነው።

ስለዚህ ቴስኮ "ሱቅ ወይስ መጋዘን?" ብሎ አልጠየቀም። "አንድ ሱቅ ስንት ትእዛዝ ድረስ ይችላል? ከዚያ በላይ ሲሆንስ?" ብሎ ነው የጠየቀው። የመጀመሪያው ጥያቄ እምነት ይፈልጋል። ሁለተኛው የሚፈልገው ቆጠራ ነው።

አንድ ቤት እያደሩ አለመተዋወቅ

"በቃ፣ ሁለቱንም መያዝ ነው መፍትሔው" ብላችሁ እንዳትቸኩሉ። ሁለቱንም ይዘው የተቸገሩም አሉ።

ባርንስ ኤንድ ኖብል የቦርደርስ ዋና ተቀናቃኝ የመጻሕፍት መደብር ነው። ኢንተርኔቱን አልናቀም። ይሁን እንጂ ድረ ገጹን የራሱ ካዝና ያለው ሌላ ኩባንያ አደረገው። በ1998 ግማሹን ለጀርመኑ በርትልስማን ሸጠ፤ በ1999 የድረ ገጹን አክሲዮን ለብቻው ለሕዝብ አቀረበ። በዚያ የኢንተርኔት ትኩሳት ዘመን ድረ ገጽን ነጥሎ መሸጥ ብዙ ገንዘብ ያመጣ ነበር። ዋጋው ግን ሱቁና ድረ ገጹ ባዕድ መሆናቸው ነው። አንድ ስም ይዘው፣ አንድ ደንበኛ እያገለገሉ፣ ሁለት ባለቤትና ሁለት ሒሳብ ነበራቸው። ኩባንያው ድረ ገጹን ሙሉ በሙሉ መልሶ የጠቀለለው በ2004 ነው። እነዚያን ዓመታት አማዞን አልተኛባቸውም።

ለካ ሁለት ነገር መያዝና ሁለቱን ማስማማት የተለያዩ ናቸው።

አማዞን ራሱ ይህን ትምህርት የተማረው በሁለት ውድቀት ነው። ጥያቄው ለእሱ በሌላ መልክ ነበር የመጣው፤ የራሴን ዕቃ ልሽጥ ወይስ ሌሎች ነጋዴዎች በእኔ ቤት ይሽጡ? በመጋቢት 1999 የጨረታ ገጽ ከፈተ፤ አልሆነም። በዚያው ዓመት መስከረም ዚሾፕስ የሚባል የሌሎች ነጋዴዎች ሰፈር ከፈተ፤ እሱም አልሆነም። ሁለቱም ከዋናው ሱቅ ተነጥለው፣ እንደ ጓሮ ገበያ የተቀመጡ ስለነበሩ ገዢው አይደርስባቸውም ነበር። በኅዳር 2000 ሦስተኛው ሙከራ መጣ። የሌላውን ነጋዴ ዕቃ አማዞን የራሱን ዕቃ በሚሸጥበት በዚያው ገጽ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠው። ዋጋው ከአማዞን ቢረክስ እንኳ!

ድርጅቱ ውስጥ ያሉት ሠራተኞች ሲደነግጡ ይታያችሁ። ካሜራ ገዝቶ መጋዘን ያስገባ ሰው አጠገቡ ተቀናቃኙ መደብ ሲዘረጋ ምን ይላል? ለገዢው ግን ደስታ ነበር። ገዢ የሚፈልገው ካሜራውን ነው፤ የማን መጋዘን ውስጥ እንደተኛ ግድ አይሰጠውም። ጄፍ ቤዞስ ቆይቶ ለባለአክሲዮኖች በጻፈው ደብዳቤ እንደገለጸው፣ በ1999 ከአማዞን የዕቃ ሽያጭ 3 በመቶ ብቻ የነበረው የሌሎች ነጋዴዎች ድርሻ በ2018 ወደ 58 በመቶ አድጓል።

ቅቤውን ብቻ አቅምሰናችሁ እንዳንሸነግላችሁ፣ ይህም አጥንት አለው። የገበያው ባለቤትም፣ በገበያው ውስጥ ነጋዴም መሆን ለፈተና ያጋልጣል። በመስከረም 2023 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽንና 17 ግዛቶች አማዞንን ነጋዴዎቹን በድሏል ብለው ከስሰውታል። ሁለቱንም የያዘ ሰው ሁለቱንም ሚዛን እኩል መያዙን ሌላ ሰው እንዲያይበት ግድ ነው።

ቀዩ ፖስታ

አሁን የምንወደው ታሪክ ላይ ደረስን። ኔትፍሊክስን ዛሬ የማያውቅ የለም። በ1998 ሥራ ሲጀምር ግን ፊልም የሚያከራየው በፖስታ ነበር። ዲቪዲው በቀይ ፖስታ ታሽጎ ቤትህ ይመጣል፤ አይተህ ትመልሳለህ። በጥር 2007 ፊልሙን በቀጥታ በኢንተርኔት ማሳየት ጀመረ። ለተወሰኑ ዓመታት ሁለቱም በአንድ ላይ፣ በአንድ ሒሳብ ሄዱ። በወር 9 ዶላር ከ99 ሳንቲም የከፈለ ሁለቱንም ያገኝ ነበር።

በሐምሌ 2011 ኔትፍሊክስ ሁለቱን ለያየ። ለእያንዳንዳቸው 7 ዶላር ከ99፤ ሁለቱንም የሚፈልግ 15 ዶላር ከ98 ይክፈል ተባለ። የ60 በመቶ ጭማሪ ነው። ሕዝቡ ተንጫጫ። በመስከረም የድርጅቱ መሪ ሪድ ሄስቲንግስ ይቅርታ የሚጠይቅ ጽሑፍ አወጣ። ይቅርታው ግን ሌላ መዘዝ ይዞ መጣ። ዲቪዲው ኩዊክስተር የሚባል ሌላ ድርጅት፣ ሌላ ድረ ገጽ፣ ሌላ ሒሳብ ይሆናል አለ።

ለምን? ሄስቲንግስ በጽሑፉ የሰጠው ምክንያት እኛን ቀጥ አድርጎ አስቆመን። በአንድ ሥራ የተዋጣላቸው ድርጅቶች የቀድሞውን ሥራ እንዳይጎዱ ስለሚፈሩ አዲሱ ላይ አይሳካላቸውም ይላል። በምሳሌነት ከጠቀሳቸው አንዱ ማን ይመስላችኋል? ቦርደርስ! የቦርደርስ የመጨረሻ መደብሮች እየተዘጉ ያሉት በዚያው ወር ነበር። ሰውየው የቦርደርስን ሬሳ እያየ "እኔስ እንደሱ አልሆንም፤ አሮጌውን ከአሁኑ ልቁረጠው" አለ።

ፍርሃቱ ልክ ነው። አቅጣጫውም ልክ ነበር፤ የወደፊቱ ኢንተርኔት መሆኑን ከማንም ቀድሞ አይቷል። የተሳሳተው ቢላውን ያሳረፈበት ቦታ ላይ ነው። ድርጅቱን ከውስጥ መክፈል ይችል ነበር፤ እሱ ግን የከፈለው ደንበኛውን ነው። አንድ የነበረው ሰው ሁለት ጊዜ ይመዝገብ፣ ሁለት ቦታ ይክፈል፣ የወደደውን ፊልም ሁለት ቦታ ይፈልግ ተባለ። በሦስት ወር ውስጥ 800 ሺህ የአሜሪካ ደንበኞች ጥለውት ሄዱ። በጥቅምት ኩዊክስተር ሳይወለድ ተሰረዘ።

ከዚያስ? ዲቪዲው የተፈጥሮ ዕድሜውን ኖረ። የሚወዱት ደንበኞች፣ ኢንተርኔታቸው ደካማ የሆነባቸው የገጠር ሰዎች፣ የቆየ ፊልም አፍቃሪዎች መቀበላቸውን ቀጠሉ። ገንዘብም እያስገባ ቀጠለ። የመጨረሻው ቀይ ፖስታ የተላከው መስከረም 29 ቀን 2023 ነው። በ2011 ካልተቆረጠ አዲሱን ያንቀዋል የተባለው ሥራ 12 ዓመት አብሮት ኖሮ፣ ቀስ ብሎ፣ ማንንም ሳያስቀይም ሞተ።

እኛ ዘንድ

ይህ ሁሉ የፈረንጅ ታሪክ ነው የሚል አይጠፋም። እኛ ዘንድ ግን ነገሩ ይብሳል እንጂ አይቀልም።

ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ከአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ ማግስት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ። ከሁለት ሳምንት በላይ ቆየ። በዚያ ጊዜ ከተቋረጠው ሁሉ ትንሹ ንግድ እንደሆነ እናውቃለን፤ ሰው ሞቷልና። ቢሆንም የታሪኩ አካል ነው። ደንበኞቹን ሁሉ በስልክ መተግበሪያ ብቻ የሚያውቅ ነጋዴ በአንድ ሌሊት ደንበኛ አልባ ሆነ። የደንበኞቹን ስልክ ቁጥር ደብተር ላይ የጻፈ ደግሞ መስመሩ በሠራለት ሰዓት ይደውል ነበር። ደብተሩ "ኋላ ቀር" ነው። የቴስኮም ጋሪ ኋላ ቀር ነበር።

ክፍያውም እንደዚያው ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ብዙዎቻችን "ጥሬ ገንዘብ አበቃለት" ብለን ነበር። ዛሬም ዕቃውን በዓይኑ አይቶ፣ ዴሊቨሪው ፊት ሞክሮ ካልሆነ የማይከፍል ሰው ሞልቷል። አይፈረድበትም። ፎቶው ቀይ ሆኖ ዕቃው ቡናማ የመጣበት ያውቀዋል። ለዚህ ሰው "ቅድሚያ ክፈል፣ አለበለዚያ ሂድ" ማለት ይቻላል፤ መሄዱ ግን አይቀርም።

አንድ የቆየ ነገር ደግሞ እናስታውሳችሁ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን በኢንተርኔት አዝዘው፣ ለአዲስ አበባ ቤተሰቦቻቸው የበዓል በግ የሚልኩባቸው ድረ ገጾች ነበሩ። ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ ኢንተርኔት ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። ከፋዩ ዋሽንግተን ኮምፒውተር ፊት ተቀምጧል፤ በጉ በገበያ ተመርጦ፣ ላቱ ተዳብሶ፣ እየጮኸ በር ላይ ይደርሳል። እናት ኢንተርኔት ምን እንደሆነ ማወቅ አላስፈለጋትም። የንግዱ ግማሽ ክፍለ ዘመኑ ላይ የደረሰ፣ ግማሹ ደግሞ ከጥንት የነበረ ነው። ያንን ሥራ የጀመሩት ሰዎች "ገበያ ወይስ ኢንተርኔት?" ብለው ቢጨቃጨቁ ኖሮ በጉ እስካሁን አልደረሰም ነበር።

ታዲያ ምርጫ የለም ማለት ነው?

አለ። ይህን ካልጨመርን ዋሽተናል። አንድን ብር ሁለት ቦታ ማውጣት አይቻልም። ሁለት ሰው ይዞ አምስት ዓይነት ገበያ ለማገልገል የሚሮጥ፣ በሁሉም ዘግይቶ ይደርሳል። "ሁለቱንም" ማለት "ሁሉንም" ማለት አይደለም። ለመምረጥ የሚፈራ ሰውም "እኔ ሚዛናዊ ነኝ" እያለ ራሱን ሊሸነግል ይችላል። ቦርደርስ እኮ ሲዲውንም፣ ዕዳውንም፣ አዳዲስ መደብሮችንም አቅፎ ነው የሰመጠው።

ከታሪኩ ያጠለልነው ጥቂት ነው። አንደኛ፣ ጥያቄው "የቱን?" ሆኖ ሲመጣብን "የቱን መጀመሪያ? እስከ ስንት? ከዚያስ?" ብለን እንቀይረው። ሁለተኛ፣ ለመልሱ ከመከራከር በፊት እንቁጠር። ሦስተኛውና ትልቁ፣ መከፈል ግድ ከሆነ ሥራችንን፣ ሒሳባችንን፣ መጋዘናችንን እንክፈል፤ ደንበኛውን ግን አንክፈል። ባርንስ ኤንድ ኖብልም ኔትፍሊክስም የተቀጡት እዚህ ላይ ነው። ቴስኮና አማዞን የተጠቀሙትም እዚሁ ላይ ነው።

ወደ ጓደኛችን እንመለስ። በሚቀጥለው ስንገናኝ የቀደመውን ምክራችንን ይቅርታ ጠይቀን መለስነው። በምትኩ አንድ የቤት ሥራ ሰጠናት፤ ለአንድ ወር የገዛ ሰው ሁሉ ከየት እንደመጣ ደብተር ላይ መጻፍ። ጻፈች። ቴሌግራም ላይ ካዘዙት ብዙዎቹ "ልኩን ልየው" ብለው ሱቅ ድረስ የመጡ ናቸው። ሱቅ ገብተው ከገዙት ብዙዎቹ ደግሞ ፎቶውን ቀድመው ቻናሉ ላይ ያዩ ናቸው። ሱቁን ብትዘጋ ቻናሉ ይታመም ነበር፤ ቻናሉን ብትተው ሱቁ ጭር ይል ነበር። ዋናው መንገድ ላይ ያለ ሰፊ መስኮት ግን ያን ያህል እንዳልጠቀማት አወቀች። የሚመጣው ሰው የሚመጣው አድራሻ ይዞ ነው።

አሁን እዚያው ሕንፃ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ኪራዩ የሚቀል አንዲት ክፍል እያነጋገረች ነው። ልኩ የሚለካባት፣ ዕቃው የሚቀመጥባት፣ ዴሊቨሪ የሚነሣባት። ሁለቱ ሠራተኞቿም አብረዋት ይወጣሉ። ይሳካላት አይሳካላት ጊዜ ይነግረናል፤ እኛ ነቢያት አይደለንም።

ተረቱንስ ምን እናድርገው? አበው አልተሳሳቱም። በሁለት እግር ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። እኛ የተሳሳትነው ዛፉን ስንቆጥር ነው። ሱቁም ቻናሉም ቅርንጫፍ ናቸው። ዛፉ ገዢው ነው፤ እሱ ደግሞ አንድ ነው። አንድ ዛፍ ላይ የሚወጣ ሰው ሁለት እግሩን በሁለት ቅርንጫፍ ላይ ቢያሳርፍ፣ እንኳን ሊወድቅ ይደላደላል።

ቸር ይግጠመን።